የሠርግ ካሴት ወደ ዲስክ፦ ከቪዲዮ ዴክ ወደ ዲቪዲ ሪከርደር

ጥያቄው፦ «ዘመድ ከጀርመን ሃርድ ዲስክ ያለው የዲቪዲ ሪከርደር ላከልኝ። የወላጆቼ ሠርግ የ1985 ዓ.ም. ነው፤ ሦስት ካሴት አለው። አንዱን ቀድቼ አየሁት። እኛ ቤት ደህና ይጫወታል፣ ጎረቤት ፕሌየር ላይ ግን ዲስኩን ጭራሽ አያውቀውም። ወንድሜ ከአሜሪካ የላከው ካሴት ደግሞ ከዴኩ በቀጥታ ቴሌቪዥን ላይ በቀለም ይታያል፣ ሪከርደሩ ግን ጥቁርና ነጭ አድርጎ ይቀዳዋል። እንደ ድሮው ከዲሽ በሰዓቱ መቅዳትም እፈልጋለሁ። ዴኩን ልጣለው? ያለሁት አዲስ አበባ ነው።»

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ልነሳ። ዴኩን እንዳይጥሉት። ሪከርደሩ የሚጽፈው ዴኩ የሰጠውን ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ምስል ከገባለት ያንኑ ተንቀጥቃጭ ምስል ዲስክ ላይ ያሰፍራል። ጥሩ ቅጂ የሚገኘው ካሴቱና ዴኩ ላይ ከሚደረገው ዝግጅት ነው፣ አዲሱ ማሽን ላይ የሚቀረው ጥቂት ቁልፍ መጫን ነው። እስከ መጨረሻው ዴክ ይሠራ የነበረው የጃፓኑ ፉናይም እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረት ስላቆመ፣ ደህና የሚሠራ ዴክ ያለው ሰው ሦስቱም ካሴት ተገልብጦ እስኪፈተሽ ድረስ ቢንከባከበው ይሻለዋል።

ጎረቤት ቤት እምቢ ያለው ዲስክ ከሞላ ጎደል በእርግጠኝነት ያልተዘጋ ዲስክ ነው። ዴክ የለመደ ሰው ሁሉ እዚህ ይሰናከላል። ካሴት አውጥተው ሌላ ዴክ ውስጥ ሲከቱት ይጫወታል፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ዲስክ ግን ከምስሉ ሌላ ማውጫ አለው፦ የትኛው ቅጂ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚነግር። ሪከርደሩ እየቀዳ ሳለ ይህን ማውጫ እሱ ብቻ በሚያውቀው መልክ ይይዘዋል። ሜኑ ውስጥ ገብተው «ፋይናላይዝ» ሲሉት ነው ማንኛውም ፕሌየር በሚያነበው መልክ ጽፎ ዲስኩን የሚዘጋው። እንደ ዲስኩ ሁኔታ ከሁለት ሦስት ደቂቃ እስከ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። በዚያ መሀል መብራት ከሄደ ዲስኩ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ዩፒኤስ ካለ ሪከርደሩን እሱ ላይ ይሰኩት። አንዴ ብቻ የሚጻፍባቸው ማይነስ አርም (DVD-R) ሆነ ፕላስ አር (DVD+R) ዲስክ ከተዘጋ በኋላ ምንም አይጨመርበትም።

ዘግተውትም እምቢ ካለ የዲስኩን ዓይነትና የተቀዳበትን መልክ ይዩ። ደጋግሞ የሚጻፍበት ማይነስ አር ደብሊው ዲስክ በሁለት መልክ ፎርማት ይደረጋል፦ «ቪዲዮ» እና «ቪአር» በሚባሉት። ቪአር ለማረም ይመቻል፣ መሀል ላይ ቆርጦ ማውጣት ይፈቅዳል፤ ተራ ፕሌየር ግን አብዛኛውን ጊዜ አያነበውም። ራም የሚባለው ዲስክም እንዲሁ ነው፣ ለራሱ ማሽን ካልሆነ ለጎረቤት አይሆንም። ለሠርጉ የሚገዙት ተራ ማይነስ አር ይሁን፣ ባለ 4.7 ጊጋባይቱ። ገበያ ላይ በጅምላ የሚሸጠው ስም የለሽ ዲስክ ርካሽ ነው፣ ግን አሥር ገዝቶ ሦስቱን መጣል ከአንድ ደህና ዲስክ የበለጠ ያስወጣል። ቨርባቲም የሚል ካገኙ ይውሰዱ፣ ሐሰተኛውን እየተጠነቀቁ።

አሁን ወደ ገመዱ። ብዙ ቤት ውስጥ ዴኩ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተገናኘው በአንቴና ገመድ ነው። በዚያ መንገድ አይቅዱ፤ ምስሉ ወደ ቻናል ተለውጦ እንደገና ሲፈታ ይደበዝዛል፣ ድምፁም ማጉረምረም ይጨምርበታል። ከዴኩ ጀርባ ቢጫውን ጃክ ለምስል፣ ነጭና ቀዩን ለድምፅ አውጥተው በቀጥታ ሪከርደሩ ፊት ላይ ካለው መግቢያ ይሰኩ፤ ቴሌቪዥኑ ከሪከርደሩ በኋላ ይምጣ። የፊቱ መግቢያ በትንሽ ክዳን ተሸፍኖ ይሆናል፣ በሪሞቱም ቻናሉን ወደ ኤቪ ወይም ላይን ሲያዞሩ ይገኛል። ዴኩ ሞኖ ከሆነና አንድ የድምፅ ጃክ ብቻ ካለው፣ አንዱን ለሁለት የሚከፍል ማገናኛ ያስገቡ፤ አለዚያ ሙሽሮቹ ዕድሜ ልካቸውን በግራ ጆሮ ብቻ ሲዘፈንላቸው ይኖራል። የጀርመን ማሽን ጀርባው ላይ ስካርት የሚባለው ሰፊ ሶኬት አለው። በስካርት አስማሚ የሚገቡ ከሆነ፣ አስማሚው ጎን ላይ ያለችውን «ኢን» እና «አውት» የምትል ትንሽ ማብሪያ ይዩ። «ማሽኑ ምስል አይቀበልም» ተብሎ ከሚመጣው አቤቱታ ብዙው የሚያልቀው እዚያች ማብሪያ ላይ ነው።

ካሴቱ ላይ ጊዜ ያጥፉ። በመጀመሪያ ከጀርባው በግራ በኩል ያለችውን ፕላስቲክ ቅጠል ይስበሩ። ያኔ ዴኩም ሆነ ሌላ ማሽን በላዩ ሊቀዳበት አይችልም፤ ሁለት ሪሞት ይዞ ከሚሠራ ሰው እጅ የተሳሳተ «ሬክ» መጫን የማይቀር ነገር ነው። ቀጥሎ ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭነው የፊት ክዳኑን ከፍ ያድርጉና ክሩን ብርሃን ላይ ይዩት። በመስኮቱም የተጠቀለለውን ጫፍ ይዩ። እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ካለበት ሻጋታ ነው፣ ዴክ ውስጥ እንዳይከቱት። ሻጋታው ሄዱ (ዴኩ ክሩን የሚያነብበት ክፍል) ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ቀጥሎ ወደሚገባው ንጹሕ ካሴት ይጋባል፣ ክሩም ተጣብቆ ይበጠሳል። እንዲህ ያለውን ለይተው ለሚያውቅ ባለሙያ ያቆዩት።

ክሩ ንጹሕ ከሆነ፣ በተለይ ክረምቱን ሳጥን ውስጥ የከረመ ከሆነ፣ አንድ ቀን ያህል ከዴኩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ያሳድሩት፤ እርጥበት ያለበት ክር ሄዱ ላይ ይለጠፋል። በማግሥቱ ሳያጫውቱ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ያጠንጥኑት። ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የነበረ ክር አንዱ ዙር ልል፣ ሌላው ጥብቅ ሆኖ ይገኛል፤ ይህ መጠንጠን እኩል ያደርገዋል። ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ግን ለማያዝኑለት ሌላ ካሴት ቅድሚያ ይስጡ። ዴኩ ክር የሚበላ ከሆነ ያንን ይብላ።

ምስሉ ላይ በረዶ የሚመስል ነጠብጣብ በሙሉ ስክሪኑ ከታየ ሄዱ ቆሽሿል ማለት ነው። ዴኩን ከሶኬት ነቅለው የላይ ክዳኑን ይፍቱ። መሀል ላይ የሚያብረቀርቀው፣ ዲያሜትሩ 62 ሚሊ ሜትር የሆነው ክብ ብረት ከበሮው ነው፤ ሄዶቹ ጠርዙ ላይ ያሉት ጥቃቅን ነጥቦች ናቸው። 99 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይፈልጉ። ሽቶም አረቄም አይሆንም፣ ቅሪት ይተዋሉ። ጥጥ ጫፉ ላይ ያለበት እንጨትም እንዳይጠቀሙ፤ ቃጫው ሄዱ ላይ ይያዝና ሄዱን ይዞ ይሄዳል። ስስ ቆዳ ወይም ቃጫ የማይለቅ ጨርቅ በአልኮል ያርሱና ከበሮው ላይ ሳይገፉ ያስደግፉት፤ ጨርቁን አንድ ቦታ ይዘው በሌላው እጅ ከበሮውን ከላይ በቀስታ ያሽከርክሩ። የሚንቀሳቀሰው ከበሮው እንጂ ጨርቁ አይደለም። ወደ ላይና ወደ ታች አንዴ እንኳን ከፈተጉ ሄዱ ሊሰበር ይችላል፣ ያኔ ዴኩ አበቃለት። ክዳኑን ከመመለስዎ በፊት አልኮሉ ተንኖ እስኪያልቅ ሩብ ሰዓት ይቆዩ።

አጫውተው ትራኪንጉን፣ ማለትም ሄዱ ክሩ ላይ የተቀዳውን መስመር በትክክል እንዲከተል የሚያደርገውን፣ ያስተካክሉ። ዴኩ ካሴት ሲገባለት ራሱ ይሞክራል፤ ከግማሽ ደቂቃ በኋላም ምስሉን የሚያቋርጥ የተረበሸ መስመር ካለ በእጅ ወደ አንዱ ጎን ይግፉት፣ መስመሩ ከስክሪኑ እስኪወጣ። ከምስሉ በታች ጫፍ ላይ የሚቀረው ቀጭን ትርምስ ግን የትራኪንግ ችግር አይደለም። ከበሮው ከአንዱ ሄድ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚተወው ነው፣ በሁሉም ካሴት ላይ አለ፣ የድሮው ቴሌቪዥን ጠርዙን ስለሚሸፍነው ብቻ ነው ያልታየው። እሱን ሲያሳድዱ እንዳይመሹ። ድምፁ የሚንጫጫ ከሆነ ደግሞ የድምፁን ምርጫ ከ«ሃይፋይ» ወደ «ኖርማል» ይለውጡ። ሃይፋዩ ከምስሉ ጋር በከበሮው ይነበባል፣ ትራኪንግ ሲዛባ አብሮ ይዛባል፤ ኖርማሉ በክሩ ጠርዝ ለብቻው ስለሚሄድ ምስሉ የሚያመውን አያመውም።

ከመቅዳትዎ በፊት የዴኩን ሜኑ ይክፈቱ። ስክሪን ላይ «ፕሌይ» እያለ የሚጽፈውን ያጥፉ፣ አለዚያ እሱም ከሙሽሮቹ ጋር ይቀዳል። ምስል ሲጠፋ ሰማያዊ የሚያደርገውንም ያጥፉ፤ ክሩ ላይ ግማሽ ሰከንድ ጉዳት ቢኖር ዴኩ በሁለት ሰከንድ ሰማያዊ ይሸፍነዋል። የምስል ምርጫ ውስጥ «ኤዲት» የሚል ካለው እሱን ይምረጡ፤ ዴኩ ለዓይን እንዲያምር ብሎ የሚጨምረውን የምስል ማሳያ ስለት ያስቀረዋል፣ ያ ስለት ለሪከርደሩ ጫጫታ፣ ማለትም ትርፍ ነጠብጣብ ነው።

ይህ ጫጫታ የቀጣዩ ምርጫ፣ የቅጂ ጥራት ደረጃው፣ ቁልፍ ነው። ሪከርደሩ አንድ 4.7 ጊጋባይት ዲስክ ላይ በኤክስፒ 1 ሰዓት፣ በኤስፒ 2፣ በኤልፒ 4፣ በኢፒ 6 ሰዓት ይይዛል። ብዙ ሰው «ካሴቱ ራሱ ጥራት የለው፣ በኤልፒ ልቅዳውና ሁሉም አንድ ዲስክ ላይ ይግባ» ይላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሪከርደሩ ቦታ የሚቆጥበው ከአንዱ ፍሬም (ነጠላ ምስል) ወደ ቀጣዩ ያልተለወጠውን ባለመድገም ነው። ከዲሽ የመጣ ንጹሕ ምስል ላይ ግድግዳው ግድግዳ ነው፣ አይለወጥም። የካሴት ምስል ላይ ግን ያው ግድግዳ በየፍሬሙ የተለየ ነጠብጣብ ይዞ ይመጣል፤ ማሽኑ ነጠብጣቡንም እንደ እንቅስቃሴ ቆጥሮ ቦታ ያባክንለታል። በኤልፒ የሚደርሰው በሰከንድ 2.6 ሜጋቢት ገደማ ነው፣ ብዙዎቹ ማሽኖችም እዚያ ሲደርሱ የምስሉን ስፋት ከ720 ነጥብ ወደ 352 ይቆርጡታል። ሙሽሮቹ ተቀምጠው ሳለ ችግሩ አይታይም። እስክስታ ሲጀመር፣ ትከሻው ሁሉ ሲንቀጠቀጥ፣ የካሜራው መብራት ነጭ ቀሚስ ላይ ሲያርፍ ግን ምስሉ ካሬ ካሬ ይሆናል። ዲስኩን ከመዝጋትዎ በፊት የሚፈትሹትም እዚያው ይሁን፦ ኬክ መቁረሱን ሳይሆን ጭፈራውን ይዩ።

ካሴቱ ላይ ኢ-180 የሚል ካለ 3 ሰዓት ነው፤ በሎንግ ፕሌይ (በግማሽ ፍጥነት) ተቀድቶ ከሆነ እስከ 6 ሰዓት ይሄዳል። የ3 ሰዓቱን ለሁለት ዲስክ ያካፍሉት፣ 90፣ 90 ደቂቃ። ማሽንዎ «ኤፍአር» ወይም ጊዜ ጠቅሰው የሚመርጡበት መንገድ ካለው 90 ደቂቃ ይስጡት፤ በሰከንድ ወደ 7 ሜጋቢት ይደርስልዎታል፣ ለካሴት ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ክፍሉን የሚከፍሉት በሰዓት ሳይሆን በድግሱ ይሁን፦ ከሙሽራዋ ቤት መውጣት ድረስ አንዱ፣ ከዚያ በኋላ ሌላው።

ሃርድ ዲስክ ስላለዎት በቀጥታ ወደ ዲስክ እንዳይቀዱ። መጀመሪያ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያውርዱት፤ 160 ጊጋባይት ከሆነ በኤስፒ 70 ሰዓት ገደማ ይይዛል። ዴኩ ቢያንቀጠቅጥ ደግመው ይቀዳሉ፣ የሚጣል ዲስክ አይኖርም፣ ባዶውንም ጫፍ ይቆርጡታል። አንድ ነገር ብቻ፦ ቀረጻውን ከመጀመርዎ በፊት ሜኑ ውስጥ ለፈጣን ኮፒ የሚያዘጋጅ ምርጫ ካለ ያብሩት፤ ፓናሶኒኮች ላይ አለ። ሳያበሩት የተቀዳ ነገር ወደ ዲስክ ሲሄድ እንደገና ተጨምቆ ነው፣ 90 ደቂቃው 90 ደቂቃ ይፈጃል፣ ጥራቱም አንድ እርከን ይወርዳል። በፈጣኑ ከሄደ ግን ቅጂው ያለ ምንም ለውጥ በጥቂት ደቂቃ ይገለበጣል፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲስክ ለእህት ለወንድም ማውጣትም ቀላል ይሆናል።

አንዳንዴ ማሽኑ በራሱ ቤተሰብ ካሴት ላይ «ኮፒ የተከለከለ ነው» ብሎ ይቆማል። የፊልም ካሴት ሻጮች ምስሉ ውስጥ የሚከቱት መከላከያ ምልክት አለ፤ ያረጀ ክር የሚሰጠው የተዛባ ሲግናል ያንን ይመስለዋል። ትራኪንጉን ማስተካከል፣ ክሩን ደግሞ ማጠንጠን፣ ሌላ ዴክ መሞከር ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ካልሆነ በመሀል ሲግናሉን የሚያስተካክል ማሽን ያስፈልጋል፤ የፓናሶኒክ ዲኤምአር ኢኤስ 10 እና ኢኤስ 15 ሪከርደሮች ለዚህ የታወቁ ናቸው፣ ሳይቀዱ ምስሉን በውስጣቸው በማሳለፍ ብቻ የተንጋደደውን ያቃኑታል።

የአሜሪካው ካሴት ነገር ሌላ ነው። እኛም ጀርመንም የምንጠቀመው ፓል የሚባለውን የአናሎግ ቪዲዮ ሥርዓት ነው፣ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። አሜሪካ ኤንቲኤስሲ ነው፣ 525 መስመር፣ 30 ፍሬም ገደማ። የእርስዎ ዴክ የአሜሪካ ካሴት ማጫወት የሚችል ዓይነት ነው፣ ሲያጫውት ግን ንጹሕ ኤንቲኤስሲ አያወጣም፤ ቀለሙን ወደ ፓል ለውጦ መስመሩንና ፍጥነቱን እንደ አሜሪካው ይተወዋል። ይህ ፓል 60 ይባላል። ቴሌቪዥን ይታገሠዋል፣ በቀለም ያሳየዋል። ሪከርደር ግን መስመሩን ቆጥሮ «ይህ ኤንቲኤስሲ ነው» ይላል፣ የኤንቲኤስሲ ቀለም ሲፈልግ ያጣል፣ ጥቁርና ነጭ አድርጎ ይጽፋል። ገመድ መለዋወጥ አይፈታውም። የዴኩ ሜኑ ወይም ጀርባው ላይ «ኤንቲኤስሲ 3.58» የሚል ምርጫ ካለ እሱን ያድርጉ፣ ሪከርደሩንም ከሜኑ ወደ ኤንቲኤስሲ ያዙሩት። ያ ምርጫ ከሌለው ወይ እውነተኛ መልቲ ሲስተም ዴክ ይዋሱ፣ ወይ ካሴቱን ሰው ሲሄድ መልሰው ልከው ወንድምዎ እዚያው በአሜሪካ ማሽን ቀድቶ ዲስኩን ይላክ። የሚመጣው የኤንቲኤስሲ ዲስክ እዚህ ያሉ ፕሌየሮች አብዛኞቹ ላይ ያለ ችግር ይጫወታል።

በተቃራኒው አይሠራም። እርስዎ የሠርጉን ዲስክ ወደ አሜሪካ ቢልኩ፣ እዚያ የሚሸጡ ብዙ ፕሌየሮች ፓል አያነቡም። ቤት ውስጥ የተቀዳ ዲስክ የሪጅን ቁልፍ (ዲስኩን ለአንድ የዓለም ክፍል ብቻ የሚወስን መከላከያ) የለበትም፣ እንቅፋቱ ፓል መሆኑ ነው። ኮምፒውተር ላይ ግን ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ይከፈታል፤ እንዲያውም ዲስኩን ኮምፒውተር ውስጥ ከተው «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚለውን ፎልደር በሙሉ መገልበጥና በፍላሽ መላክ ይሻላል። ያንኑ ፎልደር ለራስዎም አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። የአሜሪካውንና የአገር ቤቱን ካሴት አንድ ዲስክ ላይ ለመደባለቅ እንዳይሞክሩ፣ አንድ ዲስክ አንድ ሲስተም ብቻ ነው የሚይዘው።

ዲስክ የሚጻፈው ከመሀል ወደ ዳር ነው፣ ስህተትም የሚበዛው ዳሩ ላይ ነው። ስለዚህ የተዘጋውን ዲስክ ሲፈትሹ መጀመሪያውን ሳይሆን የመጨረሻውን 10 ደቂቃ በሌላ ሰው ፕሌየር ያጫውቱት። እዚያ ካልተንተባተበ ሌላውም ደህና ነው። ላዩ ላይ ወረቀት አይለጥፉ፣ ለዲስክ ተብሎ በተሠራ ማርከር ይጻፉበት፣ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ ያቁሙት።

ዲሹን በተመለከተ፣ የሪከርደሩ ውስጥ ቻናል መፈለጊያ የሳተላይት ነገር አያውቅም። የሪሲቨሩን ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጃክ ከኋላው መግቢያ ይሰኩና ያንኑ ኤቪ ይቅዱ። ሪከርደሩ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይበራል፣ ሪሲቨሩን ግን አያበራውም፣ ቻናሉንም አይለውጥለትም። ሪሲቨሩ ታይመር ካለው ከሁለት ደቂቃ በፊት እንዲነሳ ያድርጉት፣ ከሌለው በርቶ ቻናሉ ላይ ይዋል። ማሽኑ የሚቆጥረው በ24 ሰዓት ነው፤ የማታው 2 ሰዓት ዜና ለእሱ 20፡00 ነው፣ የጠዋቱ 3 ሰዓት 09፡00። የጀርመን ማሽን ሰዓቱን ከጣቢያ ሲግናል ለመውሰድ ሲጠብቅ ሊቆም ስለሚችል፣ «አውቶ» የሚለውን አጥፍተው በእጅ ይሙሉት። ብዙዎቹ መብራት ቆይቶ ሲመጣ ሰዓታቸውን ያጣሉ፣ ያኔ ታይመሩ ምንም ሳይል ያልፍዎታል፤ ፊቱ ላይ ሰረዝ ሰረዝ ብቻ ካሳየ መጀመሪያ ሰዓቱን ይሙሉ።